በኬንያ የታሪካዊ የመሬት በደል ደንቦች ሲወጡ የሕዝብ ተሳትፎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬንያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የመሬት በደል መርምራ መፍትሔ ለመስጠት በሕገ መንግሥቷ ቃል የገባች አገር ናት። ይህ ቃል ወደ ተግባር የሚወርደው ግን በዝርዝር ደንቦች አማካይነት ነው፤ አቤቱታ ማን እንደሚያቀርብ፣ በምን ማስረጃ እንደሚደገፍና እስከ መቼ ተቀባይነት እንዳለው የሚወሰነው በእነርሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች እነዚህ ደንቦች ሲረቀቁ ሕዝቡ፣ ከሁሉም በፊት መሬቱን ያጣው ሕዝብ፣ ምን ድርሻ እንዳለው ያስረዳሉ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ የኢትዮጵያ ሕጎች በተጠቀሱበት ቦታ ብቻ በራሳችን አቆጣጠር ሰፍረዋል።

በኬንያ ሕግ «ታሪካዊ የመሬት በደል» የሚባለው ምንድን ነው?

በ2012 የወጣውና በ2016 የተሻሻለው የብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን ሕግ እንደሚለው፣ ታሪካዊ የመሬት በደል ማለት በሕግ፣ በፖሊሲ፣ በአዋጅ፣ በአስተዳደር አሠራር ወይም በስምምነት ምክንያት በመሬት መብት ላይ የደረሰ፣ ሰዎችን ከኖሩበት ቀዬ ያፈናቀለና በቂ መፍትሔ ሳያገኝ የቀረ በደል ነው። ጊዜውም ተወስኗል። ኬንያ የብሪታንያ ጥበቃ ግዛት ከሆነችበት ከጁን 15 ቀን 1895 ጀምሮ አዲሱ ሕገ መንግሥት በይፋ እስከታወጀበት እስከ ኦገስት 27 ቀን 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት። እንግዲህ ጉዳዩ የእንግሊዞችን ዘመን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከነጻነት በኋላ በሙስና የተላለፈ መሬት፣ በፖለቲካ ግጭት የተፈናቀለ ሕዝብ፣ ያለ በቂ ካሳ ለልማት የተወሰደ ቦታ፣ ፍትሕ በጎደለው የመሬት ድልድል የተነፈገ ይዞታ ሁሉ በዚሁ ሥር ይወድቃል።

ለምሳሌ የማሳይ መሪዎች በ1904 ከቅኝ አስተዳደሩ ጋር ባደረጉት ስምምነት ሕዝባቸው በስምጥ ሸለቆ የነበረውን የግጦሽ መሬት ለቆ ወደ ሁለት የተከለሉ አካባቢዎች ሄደ፤ ስምምነቱም ማሳይ እንደ ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል ተብሎ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ ሁለተኛ ስምምነት ተደርጎ ከሁለቱ አንዱ በሆነው በሰሜኑ ክልል፣ በላይኪፒያ፣ የነበሩት ወደ ደቡብ እንዲወርዱ ተደረገ። በ1913 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሲወስዱት፣ ሁለት ሉዓላዊ ወገኖች ያደረጉት ስምምነት ስለሆነ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ሊታይ አይችልም የሚል መልስ አገኙ። በኬሪቾ አካባቢ ደግሞ የኪፕሲጊስና የታላይ ማኅበረሰቦች መሬት ለሻይ እርሻ የተወሰደ ሲሆን፣ ታላዮች በ1934 በወጣ ልዩ ሕግ በጅምላ ወደ ግዋሲ ተግዘዋል። እነዚህ በደሎች ሁሉ በጊዜያቸው ሕጋዊ ሽፋን እንደነበራቸው ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በመደበኛ ፍርድ ቤት ለምን አይታይም?

ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። የመጀመሪያው ይርጋ ነው፤ የኬንያ የይርጋ ሕግ መሬት ለማስመለስ የሚቀርብ ክስ ከ12 ዓመት በላይ ከዘገየ ውድቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ራሱ ነጠቃውን የፈቀደ መሆኑ ነው። የ2016ቱ ማሻሻያ ኮሚሽኑ እንዲመረምር የፈቀደለት በእነዚህ ምክንያቶች በመደበኛው የፍርድ ቤት መንገድ መፍትሔ ሊያገኙ የማይችሉ ጉዳዮችን ነው።

ሕጉ ካለ ደንብ ለምን ያስፈልጋል? ተሳትፎውስ ለምን በደንቡ ላይ ያተኩራል?

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በኢትዮጵያ «ደንብ» የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው፣ «መመሪያ» ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት ነው። በኬንያ ፓርላማው በሕግ በሰጠው ውክልና ሚኒስትር ወይም ኮሚሽን የሚያወጣው ዝርዝር ሕግ ሁሉ በአንድ ማዕቀፍ ይተዳደራል፤ በዚህ ገጽ «ደንብ» የምንለው ያንን ነው። የታሪካዊ የመሬት በደል ምርመራን የሚመለከተው ደንብ በ2017 የወጣ ሲሆን፣ የአቤቱታውን አቀራረብና የምርመራውን ሥርዓት ይዘረዝራል።

ሕግ መብትን በሰፊው ይናገራል፤ ደንብ ግን በሩ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይወስናል። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው የኬንያን የባሕር ጠረፍ ታሪክ ይመልከት። በ1908 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ሕግ በጠረፉ አካባቢ በመሬት ላይ መብት አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ አዘዘ፤ ጠያቂ ያልቀረበለት መሬት የዘውዱ መሬት እንደሚሆንም ደነገገ። መሬቱን በጎሳና በቤተሰብ በጋራ የያዙት፣ የምዝገባው ወሬ ያልደረሳቸው ወይም ደርሷቸው ትርጉሙ ያልገባቸው የሚጂኬንዳ ማኅበረሰቦች አብዛኞቹ አልቀረቡም። አሠራሩን የሚያውቁት፣ ሰነድ የያዙትና ለከተማው ቅርብ የሆኑት ግን ቀርበው ተመዘገቡ። በዚያ ምክንያት አያት ቅድመ አያቶቹ በተቀበሩበት መሬት ላይ የሚኖር ሕዝብ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ በሕግ ዓይን እንደ ሰርጎ ገብ ሰፋሪ ሲቆጠር ኖሯል። ያንን ሁሉ ያመጣው ወታደር ወይም ጠመንጃ ሳይሆን የማመልከቻ ሥርዓትና የጊዜ ገደብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በደሉን ለማረም የሚወጣ ደንብ የማመልከቻ ሥርዓትና የጊዜ ገደብ ሲያወጣ፣ ያንኑ ስሕተት በሌላ ስም እንዳይደግም የሚጠብቀው ተበዳዩ ራሱ በረቂቁ ላይ የሚናገረው ቃል ነው። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ላይ የሕዝብ ተሳትፎ ለደንቡ ማጀቢያ አይደለም፤ ደንቡ ፍትሕ ይሁን ወይም ሌላ በደል ይሁን የሚለየው በእርሱ ነው።

ሕዝቡ የመሳተፍ መብቱን የሚያገኘው ከየት ነው?

ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 10 ይጀምራል። አንቀጹ የሕዝብ ተሳትፎን ከብሔራዊ እሴቶች መካከል ያስቀመጠ ሲሆን፣ እሴቶቹም ሕግ በሚያወጣ፣ ሕግ በሚተረጉምና የመንግሥት ፖሊሲ በሚያስፈጽም ማንኛውም አካል ላይ ግዴታ እንደሚጥሉ ይደነግጋል። አንቀጽ 118 ፓርላማው ሕዝቡን እንዲያሳትፍ፣ አንቀጽ 35 ደግሞ ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ እንዲያገኝ ያስገድዳሉ። አንቀጽ 67 ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽንን አቋቁሞ፣ በራሱ ተነሳሽነትም ሆነ በአቤቱታ የዛሬና የትናንት የመሬት በደሎችን የመመርመርና ተገቢውን መፍትሔ የማቅረብ ሥልጣን ሰጥቶታል።

ደንብን ለብቻው የሚመለከተው በ2013 የወጣው የውክልና ሕጎች አዋጅ ነው። ደንብ የሚያወጣ አካል ደንቡን ከማውጣቱ በፊት ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች እንዲያማክር የሚያዘው ይህ አዋጅ ስለሆነ፣ መብቱን በተግባር ሊጠይቅ የሚፈልግ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

ደንቡ ከረቂቅ እስከ ሥራ ላይ መዋል በምን በምን ያልፋል?

ረቂቁን የሚያዘጋጀው አካል በመጀመሪያ ምክክር ያደርጋል። ደንቡ በሕዝቡ ወይም በአንድ የሕዝብ ክፍል ላይ ከፍ ያለ ወጪ የሚያስከትል ከሆነ ስለሚያስከትለው ጫና የጽሑፍ መግለጫ ይዘጋጃል፤ ይህም በመንግሥት ጋዜጣና በዕለታዊ ጋዜጣ ይነገራል፤ ሰዎች በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜም ከ14 ቀን ሊያንስ አይችልም። ደንቡ በመንግሥት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ፓርላማው በሚሰበሰብባቸው ሰባት ቀናት ውስጥ ቅጂው ለፓርላማው መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ደንቡ ዋጋ ያጣል። ከደንቡ ጋር የሚቀርበው ማብራሪያ ማን ማን እንደተማከረ የሚገልጽ መሆን ስላለበት፣ ምክክሩ የይስሙላ ከነበረ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። የፓርላማው ኮሚቴ ደንቡን መርምሮ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲሻር ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ሌላ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ደንብ ከወጣ 10 ዓመት ሲሞላው፣ ቀደም ብሎ ካልተሻረ ወይም ለአጭር ጊዜ ካልተራዘመ፣ በራሱ ጊዜ ያበቃል። የ2017ቱ ደንብ እንዲቀጥል ከተፈለገ እንደገና መውጣት ስላለበት፣ በመጀመሪያው ዙር ያልተሰሙ ሰዎች እንደገና የሚናገሩበት ዕድል ይኖራል ማለት ነው።

ምን ያህል ተሳትፎ ሲደረግ ነው «በቂ» የሚባለው?

ለዚህ ግልጽ መልስ የሰጠው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በትንባሆ ቁጥጥር ደንቦች ላይ በሰጠው ፍርድ ነው። ክሱን ያቀረበው አንድ ትልቅ የትንባሆ ኩባንያ ሲሆን፣ ደንቦቹ ሲወጡ በበቂ ሁኔታ አልተማከርኩም ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን አልተቀበለም፤ ነገር ግን በፍርዱ ውስጥ ለማንኛውም ደንብ የሚሠሩ መመዘኛዎችን አስቀመጠ። ተሳትፎው እውነተኛ እንጂ የታይታ መሆን የለበትም፤ ተገቢ ማስታወቂያና ተገቢ ዕድል መሰጠት አለበት፤ የሚወያዩበት ጉዳይ ግልጽ መሆን አለበት፤ ሁሉን አቀፍ ውክልና ሊኖር ይገባል፤ ሕዝቡም ሐሳብ ከመስጠቱ በፊት ስለ ጉዳዩ እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ዝርዝር የተሳትፎ ሕግ አለመኖሩ ለባለሥልጣኑ ምክንያት አይሆነውም። በሌላ በኩል የግድ የቃል መድረክ መዘጋጀት አለበት ማለት አይደለም፤ የጽሑፍ አስተያየት መቀበልም እንደ ሁኔታው በቂ ሊሆን ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለትንባሆ ኩባንያ የሚሠራ ይሁን እንጂ መሬቱን ላጣ አርብቶ አደር እንደወረደ ሊሠራ አይችልም። ኩባንያው ጠበቆች አሉት፤ ጋዜጣ በየዕለቱ ያነባል፤ በ14 ቀን ውስጥ 40 ገጽ አስተያየት ጽፎ ያስገባል። ፍርድ ቤቱ ራሱ እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ሁኔታ ይመዘን ስላለ፣ በመሬት በደል ጉዳይ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ መቀበል በቂ አይደለም ብሎ መከራከር የፍርዱን መንፈስ መከተል ነው።

ፍርድ ቤቶች ተሳትፎ ጎድሏል ብለው የሻሯቸው ውሳኔዎችም አሉ። የኪያምቡ ካውንቲ የ2013 የፋይናንስ ሕግ በ2014 ውድቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2018 በማሊንዲ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ኬንያን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር ለማገናኘት የታቀደው ትልቅ የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት አካል በሆነው የላሙ ወደብ ግንባታ ላይ ሕዝቡ በአግባቡ አልተሳተፈም ብሎ፣ ለዓሣ አጥማጆቹ 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። በማርሳቢት ካውንቲ ደግሞ ለንፋስ ኃይል ማመንጫ የተሰጠው 150,000 ኤከር መሬት የባለቤትነት ሰነድ ሕጋዊውን ሥርዓት ሳይከተል የተገኘ ነው ተብሎ በ2021 በሜሩ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ተሽሯል።

በእንዲህ ያለው ምክክር ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነማን ናቸው?

በቅድሚያ የሚረሱት ሰነድ የሌላቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስብሰባው ወደሚደረግበት ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን የሚፈጅባቸው ይመጣሉ። የኬንያ ሕጎች የሚወጡት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ረቂቁ ወደ ስዋሂሊ እንኳ ቢተረጎም በሰሜኑ ቦረንኛ፣ ሬንዲልኛ ወይም ቱርካንኛ ብቻ ለሚናገር ሽማግሌ አሁንም የሌላ ሰው ቋንቋ ነው። በ1904 የማሳይ መሪዎች ማንበብ በማይችሉት ወረቀት ላይ ምልክታቸውን ማኖራቸውን ያስታወሰ ሰው፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ ረቂቅ ተሰጥቶት «አስተያየት አለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ተሳትፏል ሊል አይደፍርም።

ሴቶች ለብቻቸው ሊነሱ ይገባል። በቀበሌው አለቃ ጥሪ በሚደረገው ባራዛ፣ ማለትም በአደባባይ ስብሰባ ላይ፣ በብዙ አካባቢዎች የሚናገሩት ወንዶች ሽማግሌዎች ናቸው። መፈናቀሉ ግን ባሏ የሞተባትን ሴት፣ በውርስ ያልተመዘገበችን ልጅ፣ ከወንድሞቿ ጋር የምትኖርን እኅት የሚጎዳበት መንገድ የተለየ ነው። ካሳ ለቤተሰብ አባወራ ይከፈላል የሚል አንድ መስመር በደንብ ውስጥ ቢገባ ግማሹን ተበዳይ ሊያስወጣ ይችላል። ሴቶችን ለብቻ ሰብስቦ፣ በሴት አወያይ፣ በሚመቻቸው ሰዓት ማነጋገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

አርብቶ አደሮችም በዝናብና በግጦሽ ወቅት ስለሚንቀሳቀሱ ስብሰባ ተጠርቶ ሰፈሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻግረው ለሚኖሩት የቦረናና የጋብራ ወገኖች በተለይ እውነት ነው። በደን ውስጥ የሚኖሩ እንደ ኦጊየክ ያሉ ማኅበረሰቦችም አሉ፤ መኖሪያቸው የመንግሥት ደን ተብሎ ስለተመዘገበ ምክክር ሲደረግ የአካባቢው ነዋሪ ተብለው እንኳ ላይቆጠሩ ይችላሉ።

ሰነድ የሌለው ሰው በደንቡ እንዲካተት ምን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል?

የ2016ቱ ማሻሻያ አንድ መልካም ድንጋጌ አለው። አቤት ባዩ ለምርመራው የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ ማቅረብ ካልቻለ ኮሚሽኑ መረጃው እንዲገኝ ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት፤ ሰነድ በእጁ የያዘውን ሰው ወይም መሥሪያ ቤትም እንዲያቀርብ ማዘዝ ይችላል። አስተያየት ሰጪው ደንቡ ይህን ድንጋጌ ወደ ተግባር እንዲያወርደው አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባል፦ የሽማግሌዎች የቃል ምስክርነት እንዴት ይቀዳል? የመቃብር ቦታ፣ የአምልኮ ቦታ፣ በእጅ የተተከለ ዛፍ፣ የውኃ ጉድጓድ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል? በዘፈንና በትውልድ ቆጠራ የተላለፈ ታሪክስ? የቅኝ ግዛት ካርታዎችና የደብዳቤ ልውውጦች ከቤተ መዛግብት እንዲወጡ ወጪውን ማን ይሸፍናል? በናይሮቢ ወይም በለንደን መዝገብ ቤት ያለን ወረቀት የኬሪቾ ገበሬ ራሱ ይፈልግ ማለት አቤቱታውን ሳይሰሙ መዝጋት ነው።

ጥሩ አስተያየት የሚሆነው አንድን የተወሰነ የረቂቁን አንቀጽ ጠቅሶ፣ ያ አንቀጽ በራስ ሰፈር ምን እንደሚያስከትል በአንድ እውነተኛ ምሳሌ አስረድቶ፣ በምን ቃል ቢተካ እንደሚሻል የሚያሳይ ነው። ቁጣ ተገቢ ቢሆንም ረቂቁን አያሻሽልም፤ «አንቀጹ የአካባቢ ሽማግሌ ምስክርነት በቂ ነው ተብሎ ይጻፍ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ሊያሻሽለው ይችላል።

አስተያየቴ ካልተወሰደ ተሳትፎው ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ሕጉ የመሰማት መብት እንጂ ሐሳብ የማስፈጸም መብት አይሰጥም። ነገር ግን አውጪው አካል አስተያየቱን በቅን ልቦና ተመልክቶ ስለመሆኑ ማሳየት አለበት፤ ሐሳቡን ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ቢገልጽ ደግሞ ራሱንም ከክስ ይጠብቃል። ምንም መልስ ያልተሰጠበት ሂደት ሲያጋጥም ለፓርላማው ኮሚቴ ማሳወቅ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

መሬቱን ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ የያዘው ሰው ምን ይሆናል?

ይህ ሰው በምክክሩ መሳተፍ አለበት፤ ካልተሳተፈም ደንቡ ሌላ አዲስ በደል ሊፈጥር ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንብረትን ይጠብቃል፤ ይህ ጥበቃ ግን በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ለመሆኑ የተረጋገጠ ንብረትን አይሸፍንም። የ2016ቱ ሕግ ከሚዘረዝራቸው መፍትሔዎች መካከል መሬቱን መመለስ፣ መመለስ ካልተቻለ ካሳ መክፈል፣ በሌላ መሬት ማስፈር፣ በመሠረተ ልማት ማቋቋም፣ የባለቤትነት ሰነድ መሰረዝ ይገኙባቸዋል። በቅን ልቦና ለገዛ ሦስተኛ ወገን ደግሞ ዋጋው ተገምቶ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሕጉ ይፈቅዳል። ግምቱን ማን እንደሚያደርግ፣ ቅን ልቦናው በምን እንደሚለካና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በረቂቁ ላይ መጠየቅ የገዢውም የተበዳዩም የጋራ ጥቅም ነው።

ኮሚሽኑ ከወሰነ በኋላ ውሳኔው ይፈጸማል?

በወረቀት ላይ አዎን፤ ሕጉ መፍትሔውን እንዲፈጽም የታዘዘ ባለሥልጣን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲፈጽም ያስገድዳል። በተግባር ግን ከባዱ ክፍል ይህ ነው። በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩትና ለዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ሲባል በ1970ዎቹ የተፈናቀሉት ኢንዶሮይሶች፣ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2009 መብታቸው ተጥሷል ብሎ ከወሰነ በኋላም ለአፈጻጸሙ ለዓመታት መታገል ነበረባቸው። በማው ደን የሚኖሩት ኦጊየኮች በአሩሻ በሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ሜይ 26 ቀን 2017 ረቱ፤ ፍርድ ቤቱ ጁን 23 ቀን 2022 ደግሞ በጠቅላላው 157.85 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈላቸውና የአባቶቻቸው መሬት በጋራ ባለቤትነት እንዲመዘገብላቸው አዘዘ። ሁለቱም ውሳኔዎች ማኅበረሰቡን በአግባቡ ያላማከረ እርምጃ በደሉ ራሱ እንደሆነ ያሳያሉ። ስለሆነም በደንቡ ላይ አስተያየት ሲሰጥ ስለ አፈጻጸሙ፣ ማለትም ማን እንደሚቆጣጠርና ለማኅበረሰቡ በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደሚቀርብ፣ አብሮ መጠየቅ ይገባል።

የአቤቱታው የጊዜ ገደብ ምን ነበር?

የ2016ቱ ማሻሻያ አቤቱታዎች ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲቀርቡ፣ ስለ ታሪካዊ በደል የሚናገረው ክፍልም በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያበቃ ደንግጎ ነበር። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2016 ስለነበር አምስቱ ዓመት በ2021 ሞላ። ከመቶ ዓመት በላይ ለቆየ በደል አምስት ዓመት መስጠት፣ ያውም የመጨረሻው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወረርሽኝ ሰዎችን ከቤት እንዳይወጡ ባደረገበት ጊዜ ላይ የወደቀ ሆኖ፣ የ1908ቱን ሕግ ማስታወሱ አይቀርም። የጊዜ ገደብ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ በደንብ ሊሻር አይችልም፤ ሊለውጠው የሚችለው ፓርላማው ነው። ደንቡ ግን ማስታወቂያው በየት፣ በምን ቋንቋና ስንት ጊዜ እንደሚነገር በመወሰን ገደቡ ማንን እንደሚያስቀር ይወስናል።

በኢትዮጵያ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥርዓት አለ?

የመሬት ሥሪቱ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የኬንያን የመሰለ የግል ባለቤትነት ሰነድ ክርክር የለም። ደንብ ሲወጣ ሕዝብን ስለማማከር ግን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተመሳሳይ ሐሳብ ይዟል፤ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዝርዝሩ በደንብና በመመሪያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከይዞታው የተነሳ ወይም ሊነሳ ያለ ገበሬ በመመሪያዎቹ ረቂቆች ላይ ቃሉን የሚሰጥበት መንገድ እንዳለ ማወቁ ይጠቅመዋል።

የምክክሩ ስብሰባ ካለፈ በኋላ አስተያየት ማቅረብ ይቻላል?

ይቻላል። ደንቡ ገና ካልታተመ ለአውጪው አካል በጽሑፍ ማቅረብ ይገባል፤ ማመልከቻው የተቀበለው ሠራተኛ በቅጂው ላይ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያች ፊርማ በኋላ ክርክር ቢነሳ ተሳትፎ መጠየቁን የምታስረዳ ናትና። ደንቡ ከታተመ ደግሞ ፓርላማው ውስጥ የውክልና ሕጎችን ለሚመረምረው ኮሚቴ መጻፍ ይቻላል፤ ኮሚቴው ሥራውን የሚያጠናቅቅበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ግን መዘግየት አይገባም። ያም ካለፈ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 119 ማንኛውም ሰው ፓርላማው ማንኛውንም ሕግ እንዲያወጣ፣ እንዲያሻሽል ወይም እንዲሽር አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። አቤቱታውን ግለሰብ ብቻውን ሊያቀርበው ይችላል፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች በአንድነት ፈርመውበት፣ መፈረም የማይችሉት አሻራቸውን አኑረውበት፣ የተጻፈው ሁሉ ግን በቅድሚያ በራሳቸው ቋንቋ ተነቦላቸው ቢቀርብ ይበልጥ ይጠነክራል።